ዐረብኛ እንደምሰማ አያውቁም

ለተከበሩ የዓምዱ አማካሪ፣

የ38 ዓመት ሴት ስሆን ተወልጄ ያደግሁት ጎንደር፣ አዘዞ ነው። አሁን አዲስ አበባ፣ ገርጂ አካባቢ፣ አምስት ተከራይ ባለበት ግቢ ውስጥ እንጀራ እየጋገርኩ ለሱቆችና ለምግብ ቤቶች በማስረከብ የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጄን አሳድጋለሁ። በ1999 ዓ.ም. በመተማ በኩል ሱዳን ገብቼ ዘጠኝ ዓመት ካርቱም ኖሬያለሁ። መጀመሪያ ሰው ቤት ተቀጥሬ ሠራሁ፤ በኋላ ሐበሾች በሚበዙበት፣ ጀሪፍ በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራይቼ መንገድ ዳር ሻይና ቡና እሸጥ ነበር። የግቢዬ ሰዎች የሚያውቁት ዓረብ አገር ሠርቼ መመለሴን ብቻ ነው። ቤሩት ይመስላቸዋል፤ እኔም አላረምኳቸውም፤ ከሱዳን የተመለሰች ሴት፣ ያውም መንገድ ላይ ቡና ትሸጥ የነበረች፣ ሰው ምን ብሎ እንደሚያስባት አውቃለሁና።

ባለፈው ዓመት ከእኔ ጋር ግድግዳ የሚጋራውን ቤት አንዲት ሱዳናዊት ከሁለት ሴት ልጆቿና ከአማቷ ጋር ተከራየችው። ከጦርነቱ የሸሹ ናቸው። ግድግዳው ስስ ስለሆነ በስልክ የምታወራው ሁሉ ይሰማኛል፤ እኔ ዐረብኛ እንደምሰማ ግን አታውቅም። ባሏ የት እንደደረሰ ካልታወቀ ሁለት ዓመት እንደሞላው ያወቅሁት በዚያው ግድግዳ ነው። ከወር በፊት ደግሞ ካይሮ ላለች እኅቷ እንዲህ ስትል ሰማኋት፦ «ከሐበሾች ጋር ግቢ ተጋርቼ ነው የምኖረው፤ ሴቶቻቸውን ታውቂያቸው የለ? እንደ ጀሪፎቹ ናቸው፤ ለልጆቼ እፈራለሁ።» ምጣድ ላይ የነበረው እንጀራ አረረብኝ። በራሷ ቋንቋ ልመልስላት ብዬ በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።

የግቢው ሴቶች ቡና ላይ ስለ እነርሱ የሚሉትም ልክ የለውም። ኩሩዎች ናቸው፣ ሰላም አይሉም፣ ሲተኙ ይውሉና ሌሊቱን ሲያወሩ ያድራሉ፣ በዶላር እየከፈሉ ኪራይ ያስወደዱብን እነርሱ ናቸው ይላሉ። አንዷማ «መሬታችን አልበቃ ብሏቸው ቤታችን ገቡ» አለች። አሁን አከራያችን ዘንድ ሄደው እንድታስወጣቸው ሊነግሯት ተስማምተዋል፤ ግድግዳ የምጋራው እኔ ስለሆንኩ «ሌሊት አላስተኛ አሉኝ» ብዬ ቀድሜ እንድናገር ይፈልጋሉ። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ቀን ከሰማሁት በኋላ እሺ ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። ነገር ግን ካርቱም ሳለሁ ፖሊስ ለከሻ፣ ማለት ለአፈሳ፣ ሲወጣ አልጋዋ ሥር የደበቀችኝ ሱዳናዊት አከራዬ ትዝ ትለኛለች። የጎረቤቴ ትልቋ ልጅ ደግሞ ከልጄ ጋር ሰኞ ማክሰኞ ትጫወታለች፤ ሱቅ ሄዳም በአማርኛ ዳቦ ትገዛለች።

ዝም ልበል? ከግቢው ሴቶች ጋር ልቁም? ወይስ «የምትናገሪውን እሰማለሁ» ልበላት? ከተናገርኩ የእኔም ጉድ አብሮ ይወጣል። ከካርቱም ይዣት የመጣሁት ጀበና እንኳ እስከ ዛሬ ሳጥን ውስጥ እንደተቆለፈባት ናት።

የግድግዳው ጎረቤት፣ ከገርጂ


ውድ እህቴ፣

ጀሪፍ ለዚያች ሴት የአንድ ሰፈር ስም ነው፤ ለአንቺ የወጣትነትሽ ዕድሜ ነው። ስለዚህ ማንነትሽን ሳታውቅ የተናገረችው ቃል በስምሽ ጠርታ የሰደበችሽ ያህል ቢወጋሽ አይደንቀኝም። ደብዳቤሽን ሁለተኛ ጊዜ ሳነብ ግን አንድ ነገር ዓይኔ ውስጥ ገባ። የእርሷን ስድብ በአንድ መስመር ጽፈሽ አልፈሽዋል፤ ሰው ስለ አንቺ ምን ሊያስብ እንደሚችል ያለሽን ስጋት ግን በመጀመሪያውም በመጨረሻውም አንቀጽ አንሥተሽዋል። እስቲ ልጠይቅሽ፦ «የእኔም ጉድ» ያልሽው ምኑን ነው? ከሰል አቀጣጥለሽ፣ በንበር የሚሏትን አጭር መቀመጫ ደርድረሽ፣ በዚያ ፀሐይ ሻይ መሸጥሽን ነው?

መልሱን ለእኔ መጻፍ የለብሽም፤ ነገር ግን ከምትወስኚው ውሳኔ በፊት ለራስሽ ብትመልሺው ደስ ይለኛል። በካርቱም መንገዶች ዳር «ሲት ሻይ» እየተባሉ ከሚጠሩት ሴቶች መካከል ስንቶቹ ሱዳናውያን እንደነበሩ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ከዳርፉርና ከኑባ ተራሮች ጦርነት ያፈናቀላቸው፣ ባል የሞተባቸው፣ ልጅ ለማስተማር ከንጋት እስከ ምሽት እሳት ዳር የሚውሉ እናቶች ነበሩ፤ ከሻ ሲመጣም ማንደጃና ብርጭቋቸውን የሚነጠቁት እነርሱም ጭምር ነበሩ። ከእነርሱ አንዷ የሆነችው አዋዲያ ማሕሙድ ኮኮ የሻይና የምግብ ሻጭ ሴቶችን በማኅበር አደራጅታ ለመብታቸው በመሟገቷ፣ አንቺ ወደ አገርሽ በተመለስሽበት በ2008 ዓ.ም.፣ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ለደፋር ሴቶች የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች። አንቺ ሳጥን ውስጥ የቆለፍሽበት ሥራ እንዲህ ያለ ሥራ ነው።

ጎረቤትሽ «ሴቶቻቸውን ታውቂያቸው የለ?» ስትል ያንን ሐሳብ ከየት አመጣችው? አንድ ሕዝብ ጎረቤቱን የሚያውቀው ድንበር ተሻግሮ በመጣው ሰውና ሰውየው በመጣበት ምክንያት ይመስለኛል። ሱዳኖች እኛን በብዛት ያወቁን ረኃቡና ጦርነቱ በ1970ዎቹ ገፍቶ ገዳሪፍ አካባቢ ኡም ራኩባን በመሳሰሉ መጠለያዎች ባስገባቸው ስደተኞች፣ ቀጥሎም በየቤታቸው በተቀጠሩ ሠራተኞችና እንደ አንቺ ቡና በሚሸጡ ሴቶች ነው። በዚህ ላይ በሱዳን መጠጥ በ1976 ዓ.ም. በሕግ ከታገደ ወዲህ አዲስ አበባ ለብዙ ሱዳናዊ ወንድ የዕረፍት ከተማ ሆነችለት። ጥላሁን ገሠሠን እንደ ራሱ አገር ዘፋኝ እየወደደ የሚመጣው ይህ እንግዳ ከተማችንን የሚያየው በአብዛኛው በሌሊት ነው፤ ተመልሶ የሚያወራውም ያየውን ነው፤ ቤት የቀረችው እኅቱ ወይም ሚስቱም ሐበሻን በዚያ ወሬ ታውቃለች። ስለዚህ ጎረቤትሽ ባሏ የት እንዳለ ሳታውቅ፣ ሁለት ሴት ልጆች ይዛ፣ ቋንቋውን ወደማትሰማበት ግቢ ስትገባ አብሯት የገባው ይኸው ወሬ ነው። ንግግሯ ነውር ነው፤ ልሸፍንላት አልፈልግም። ነገር ግን በንግግሯ መጨረሻ ያለችውን «ለልጆቼ እፈራለሁ» የሚለውን ከመጀመሪያው ይልቅ አምናታለሁ።

እኛም ከዚህ ነገር ነጻ አይደለንም። እኔ ጎንደር ልጅ ሳለሁ አስቸጋሪ ስለነበርኩ አያቴ «ድርቡሽ መጣልሽ!» እያለች ታስፈራራኝ ነበር። ድርቡሾች፣ የሱዳን የማሕዲ ተዋጊዎች፣ ጎንደርን ያቃጠሉት በ1880 ዓ.ም.፣ ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ የወደቁት በ1881 ዓ.ም. ነው፤ አያቴ በዓይኗ ያላየችውን ከእናቷ ተቀብላ ለእኔ አወረሰችኝ፤ እኔም አንድ ሱዳናዊ ሳላይ ሱዳንን ፈራሁ። በኋላ ቅዳሜ ገበያ ከእናቴ ጋር ሄጄ ነጭ ጀላቢያ የለበሰ ሽማግሌ ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ እያደረገ ለሻጩም ለገዢውም ሰላምታ ሲሰጥ አየሁና «ይኼ ነው ድርቡሹ?» ብዬ ጮክ ብዬ ጠየቅኋት። እናቴ ያን ቀን የቆነጠጠችኝ ቦታ እስካሁን የሚያመኝ ይመስለኛል።

«መሬታችን አልበቃ ብሏቸው» ያለችውን ጎረቤትሽንም ዝም ብዬ አላልፋትም። በ2013 ዓ.ም. የሱዳን ጦር በገባበት የድንበር መሬት፣ አል-ፋሽቃ ላይ የሆነው ነገር የስንት ገበሬ ኑሮ እንዳናጋ ለጎንደር ልጅ አልነግርሽም፤ ቁጣው ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አይደለም። በዚያው ዓመት ግን፣ በዚያው ድንበር፣ ከትግራይ ሸሽተው ተከዜን የተሻገሩ ወገኖቻችንን የሱዳኗ ሐምዳይት መንደር ሰዎች ያላቸውን ምግብ እያካፈሉ ተቀብለዋቸዋል። ያቺ እናት ወታደር አይደለችም፤ የድንበሩን ሒሳብ ከእርሷ ኪራይ ላይ መቀነስ አይቻልም።

የቀሩት ስሞታዎች ቀለል ያሉ ናቸው፤ አብዛኞቹንም ከእኔ ይልቅ አንቺ ታስረጃቸዋለሽ። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ከተማ ሰው ቀትር ላይ ጥላ ይፈልጋል፤ ጨዋታው፣ ጥየቃው፣ ሻዩ ሁሉ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ አልጋ ግቢ ወጥቶ ነው። ቁርስ እንኳ ረፋዱ ላይ ነው የሚበላው። ይህን ያላወቀ ሰው ገርጂ ላይ ሆኖ ሲያያቸው «ሲተኙ ይውላሉ» ቢል አይፈረድበትም። ካርቱም ከኖሩ ሰዎች እንደሰማሁት ከሆነ እነርሱም በተራቸው ስለ እኛ የሚሉት አላቸው፦ ሐበሻ ሆዱ አይገኝም፣ በሩን ዘግቶ ይበላል፣ እየሳቀ ይደብቃል ይላሉ። በረመዳን ማፍጠሪያ ሰዓት ምግቡን መንገድ ላይ ዘርግቶ አላፊ አግዳሚውን፣ አውቶቡስ ሳይቀር እያስቆመ «ግቡ፣ ብሉ» ለሚል ሕዝብ የእኛ የተቆለፈ የግቢ በር ምን ሊመስለው እንደሚችል አስቢው። አንቺ በዚህ መንገድ ያለፍሽባቸው ምሽቶች አይጠፉም ብዬ እገምታለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። አከራይዋ ዘንድ አትሂጂ። ይህን በእርግጠኝነት የምልሽ ሁለት ምክንያት ስላለኝ ነው። አንደኛው፣ «ሌሊት አላስተኛ አሉኝ» የሚለው የአንቺ ስሞታ አይደለም፤ ደብዳቤሽ ውስጥ አንድም ቦታ እንቅልፍ አጣሁ አላልሽም፤ ስለዚህ የምትመሰክሪው ባልደረሰብሽ ነገር ይሆናል። ሁለተኛው አከራይሽ ናት፤ በሌላው ተከራይ ላይ ኪራይ የጨመረችው እርሷ እንጂ ስደተኛዋ አይደለችም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን ደንግጓል፤ በዘፈቀደ ኪራይ መጨመርንም ይከለክላል። የግቢው ሴቶች የኪራዩ ነገር ካንገበገባቸው ውላቸውን ይዘው ወረዳ ቢሄዱ ይሻላቸዋል፤ በዚያ ጉዳይ አንቺም አብረሻቸው ብትቆሚ ቅር አይለኝም። ቡናው ላይ ጉዳዩ ሲነሣ ግን ረጅም ንግግር ውስጥ አትግቢ። «ግድግዳ የምጋራው እኔ ነኝ፤ ያስቸገረኝ ነገር ካለ ራሴ እነግራታለሁ» ማለት ይበቃል፤ ይህ ንግግር የማንንም ፊት አያጠቁርም፣ ምሥጢርሽንም አያወጣም።

ቡናውን ካነሣሁ አይቀር አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ትልቋ ልጅ በአማርኛ ዳቦ ትገዛለች ብለሻል፤ ከልጅሽም ጋር ትጫወታለች። ልጅ ደግሞ ቋንቋ የሚማረው ሳናውቅበት ነው። አንቺ በግድግዳው በኩል እናቷን እንደምትሰሚያት ሁሉ፣ እርሷም ሰኞ ማክሰኞ እየዘለለች የግቢው ሴቶች ረከቦት ዙሪያ የሚሉትን ትሰማ ይሆናል። ማታ ቤት ገብታ ለእናቷ ምን ምን እንደምትተረጉም ማን ያውቃል? ምናልባት ያን ቀን በስልክ የሰማሽው ንግግር ለሌላ ንግግር የተሰጠ መልስ ቢሆንስ? ነው አልልሽም፤ ነገር ግን አንዳችሁ የሌላውን ቋንቋ በድብቅ እየሰማችሁ የምትኖሩ ሊሆን ይችላል።

ዐረብኛ መቻልሽን መግለጥን በተመለከተ ሐሳቤ ግልጽ ነው፦ ንገሪያት፤ ነገር ግን የሰማሽውን ስድብ አትንገሪያት። ዝም ማለት መብትሽ መሆኑን አውቃለሁ። ችግሩ ግድግዳው ዝም አለማለቱ ነው። በየማታው የዚያችን ሴት ኀዘን እየሰማሽ ነው፤ የባሏን ነገር ለአንቺ ብላ አልነገረችሽም። ጊዜው በረዘመ ቁጥር አንድ ቀን ስታውቅ የሚሰማት እንደተሰረቀች ሆኖ ነው፤ ያን ጊዜ ስለ ሐበሻ የሰማችው «ሆዱ አይገኝም» የሚለው ነገር በአንቺ ይጸድቃል። ስድቡን ብትነግሪያት ደግሞ የምታገኚው ማፈሯን ብቻ ነው፤ ያፈረ ሰው በአንድ ግቢ ውስጥ በሰላም አይኖርም። ምናልባት ከዓመት በኋላ፣ ከተዋወቃችሁ፣ እያሳቅሽ ታነሺባት ይሆናል። ለአሁኑ ግን ያረረው እንጀራ ያንቺ ዕዳ ሆኖ ይቅር።

እንዴት ትጀምሪ? በእርሷ አትጀምሪ፤ በአሮጊቷ ጀምሪ። ጠዋት ፀሐይ ለመሞቅ በር ላይ ሲቀመጡ በአጠገባቸው ስታልፊ «አስበሕቲ ኬፍ፣ ያ ሐቦባ?» በያቸው። አያት ሆነው በቀዬያቸው ቋንቋ «እንዴት አደሩ» ከተባሉ ምን ያህል ጊዜ እንደሆናቸው አስቢ። ከዚያ በኋላ ወሬው ቤት ውስጥ ራሱ ይገባል። በሚቀጥለው ዓርብ፣ ከሰላት በኋላ፣ ቡና አፍይና ጎረቤትሽንና አማቷን ጥሪ፤ ቡናው ግን በካርቱም ልማድ፣ ዝንጅብል ተደርጎበት፣ በጀበናዋ አፍ ላይ ሊፍ የሚሉት የተምር ዛፍ ጭረት ተወትፎበት፣ በትንንሽ ፍንጃል ይሁን። ጎረቤትሽ አፏ ላይ ስታደርገው ካርቱም እንደኖርሽ ይገባታል። በዚያ ቀን ስለ ባሏ ምንም አታንሺ። በተለይ ከአንደበትሽ «አል-በረካ ፊኩም» እንዳያመልጥሽ ተጠንቀቂ፤ ሰውየው ጠፋ እንጂ ሞተ አልተባለም፤ ይህ ቃል ለሟች ቤተሰብ የሚባል መሆኑን ታውቂዋለሽ። ራሷ እስክትነግርሽ ጠብቂ፤ ስትነግርሽም አዲስ እንደሰማሽ አትሁኚ፣ ዝም ብለሽ አድምጫት። ከዚያ በኋላም ብትኮራብሽ ወይም ብትሸሽሽ ግዴታሽን ተወጥተሻል፤ በሁለት አገር መካከል አምባሳደር ሁኚ ብሎ የሾመሽ የለም።

የግቢው ሴቶች በዐረብኛ ስታወሪ ሲሰሙ መጠየቃቸው አይቀርም፤ መልሱን ከአሁኑ አዘጋጂ። «ካርቱም ነበርኩ» ማለት በቂ ነው። «ምን ትሠሪ ነበር?» ካሉሽ «ሠርቼ አዳሪ ነበርኩ» በያቸው፤ እዚያው ላይ መቆም ትችያለሽ። ከአምስቱ ተከራይ መካከል ልብሽ የሚያርፍባት አንዲት ሴት ካለች ግን ለእርሷ አስቀድመሽ በሙሉ ብታጫውቻት ጥሩ ነው፤ ወሬው ሲነሣ ብቻሽን አትሆኚም። ሐሜቱ ለአንድ ሁለት ሳምንት ይኖራል፤ አላባብልሽም። እንጀራሽን የሚረከቡት ሱቆችና ምግብ ቤቶች ግን ካርቱም ስለነበርሽ ውላቸውን የሚያፈርሱ አይመስለኝም።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ሰው አለ። ልጅሽ እናቷ ቤሩት እንደነበረች ከግቢው ሰዎች ሰምታ ይሆናል፤ እውነቱንም ከእነርሱ እንዳትሰማ። ሳጥኑን ክፈቺና ጀበናዋን አውጫት፤ የልጅሽን ዕድሜ ያህል ተዘግቶባት ኖራለችና በደንብ መታጠብ ያስፈልጋታል፤ ሊፉም ደርቆ ተሰባብሮ ሊሆን ይችላል። ስታጥቢያት ልጅሽ አጠገብሽ መጥታ «ይህቺ ደግሞ ከየት መጣች?» ማለቷ አይቀርም። ያን ጊዜ እጅሽን አድርቂና ተቀምጠሽ ንገሪያት።